የበራችን መብራት ሲበራ ሰፈሩ ሳቀ

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ሥራ አምፖል መቀየር ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። የውጭ በራችን አምፖል ዓርብ ማታ ብልጭ ድርግም ሲል አመሸ። ታደሰ በርጩማው ላይ ወጣ፤ እኔ በርጩማውን በሁለት እጄ ጨብጬ ከሥር ቆምኩ።

«ያዝሽ?»

«ይዣለሁ።»

«በርጩማውን ነው እኔን?»

«የሚወድቀውን ነው የምይዘው።»

«እንግዲያው እኔን ያዢ» አለና ሳቀ።

አሮጌውን ፈትቶ አቀበለኝ። እያበራ እያጠፋ ሲሞክረው ስለቆየ ገና ትኩስ ነበርና በቀሚሴ ጫፍ ተቀበልኩት። አዲሱ ያ ነጩ፣ ትንሽ ኃይል ይበላል የሚባለው ዓይነት ነው። ሲያበራው ግንቡ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ገረጣብኝ። «የሆስፒታል ብርሃን ነው ያመጣህብኝ» አልኩት። «ትለምጂዋለሽ» አለ። ወርዶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ወደ ውስጥ ገብተን ከጠዋት የተረፈውን ሽሮ በላን። በቃ፣ ይኸው ነው። ዛሬ ሳስበው ያን ሽሮ እንኳ አሙቄ ባቀረብኩለት እላለሁ።

ቤታችን ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። መንገዳችን ባጃጅ አያስገባም፤ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዷ ወደኋላ መመለስ አለባት። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ ከቀሩ ወዲህ እኛ የምናውቀው አገር ይኸው ግንብ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራሁ። ታደሰ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከሐረማያ ሐይቅ ወደ ከተማችን ውሃ የሚገፉትን ሞተሮች ሲጠብቅ ኖረ። ልጆቻችን ሥራ ወዳገኙበት ሄዱ፤ ሁለታችን ቀረን።

ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ዘይነባ ነች። በሮቻችን ይተያያሉ። ታደሰ ልቡን መጀመሪያ የታመመ ጊዜ ከእሷ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። የበራችን መብራት ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰማው የመግሪብ አዛን እስከ መኝታ ይበራል። ከመኝታ በፊት ከጠፋ «ድረሽ» ማለት ነው። ስልክ እያለ ለምን ይህ አስፈለገ የሚል ይኖራል። ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፤ ዘይነባ ደግሞ ስልኳን ቤት ጥላ ደጅ መዋል ትወዳለች። መብራቱን የሚያበራውንና የሚያጠፋውን ማብሪያ ታደሰ ራሱ ከበሩ አንስቶ ግቢያችን ውስጥ፣ ማታ ማታ ከምንቀመጥበት ወንበር አጠገብ አዛወረው። እጅ ሲዘረጋ ይደረስበታል።

መብራት ሲሄድስ? ለእሱ ሰፈሩ የራሱ ልማድ አለው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ጨለማው ዱብ ሲል አንዱ በሩ ላይ ወጥቶ «አላችሁ?» ይላል። ፊት ለፊቱ ያለው «አለን! እናንተስ?» ይላል። ጥሪው ከበር በር እየተቀባበለ እስከ መንገዱ ጫፍ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይህን ጥሪ እየሰማሁ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው እሁድ፣ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰው ስለ ቆሻሻ መጣያ ሊነጋገር ተሰብስቦ ነበር። የዘይነባ ልጅ ሐናን፣ የትምህርት ቤት መምህርት ነች፣ ተነሥታ አንድ ሐሳብ አቀረበች።

«በሌላ አገር ሰዎች በዓመት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት መብራታቸውን ራሳቸው ያጠፋሉ። ስለ አየሩ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ውሃው ለማሰብ ነው። እኛም ቅዳሜ ከመግሪብ በኋላ ብናደርገውስ? ተማሪዎቼ መንገዱ ላይ ይዘምራሉ።»

መጀመሪያ የተናገረው ኢብሳ ነው፤ ከመንገዱ ጫፍ የሚኖር የባጃጅ ሹፌር፣ አፉ የማያርፍ። «አቦ ሐናን! እኛ ደግሞ ራሳችን እናጥፋ? የሚያጠፉልን ሰዎች አይደለም እንዴ ደሞዝ የሚበሉበት? ሥራቸውን አንቀማቸው!»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሐናንም ሳቀች፤ ግን አልተቀመጠችም።

እኔ አልሳቅሁም። ተነሣሁና የልቤን ተናገርኩ። «እኔ በኩራዝ ያደግሁ ሰው ነኝ» አልኩ። «ጠዋት ጠዋት እናቴ ከአፍንጫችን ጥቀርሻ ትጠርግ ነበር። አባቴ ቤት መብራት የገባ ዕለት እናቴ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ አምፖሉን ስታይ አመሸች፤ አታጥፉብኝ አለች። መብራት ማጥፋት ለተረፈው ሰው ነው። የዚህ መንገድ አምፖል ሁሉ ተደምሮ የማንን አየር ያሞቃል? ዛፉን የጨረሰው ከሰል ነው፤ ስለ ከሰል እናውራ። የእኔ በር መብራት አይጠፋም!»

«እማማ ጽጌ፣ ለኤሌክትሪኩ ብለን አይደለም እኮ» አለች ሐናን በትሕትና። «ምልክት ነው።»

«ምልክት አያበስልም፣ አያበራም።»

«ጽጌ ዛሬ በርበሬ በልታ ነው የመጣችው» አለች ዘይነባ፤ ሰዉ እንደገና ሳቀ።

ያን ጊዜ ታደሰ እጁን አነሣ። በስብሰባ ላይ መናገር የማይወድ ሰው ነው።

«ሐይቁ ላይ ስሠራ ውሃው በየዓመቱ ይርቀን ነበር» አለ። «ቧንቧ እየቀጠልን ተከተልነው። ሲርቅ እንቀጥላለን፣ ሲርቅ እንቀጥላለን። በመጨረሻ ሞተሩ ጭቃ መሳብ ጀመረ፤ አጠፋነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ያ ሐይቅ የሞተ ዕለት እኮ እኛ ገበያ ወጣን። አንድ ሰው ለአንድ ደቂቃ ዝም አላለም። አሁን ዝናቡ ሲሻለው ውሃ ተመልሷል ትላላችሁ፤ ያ እንግዳ ነው፣ ባለቤቱ አይደለም። ሐናንዬ፣ እኔ አጠፋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ኢብሳም አልቀለደም። ቅዳሜ እንዲሆን ተስማሙ። እኔ ግን አኩርፌ ወጣሁ። ለሳምንቱ የሰፈሩ ወሬ «እማማ ጽጌ ያጠፉ ይሆን?» ሆነ።

ቤት ስንገባ ቀጠልንበት። ባልና ሚስት ሲከራከሩ ዋናው ነገር የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ይሁን አጠፋሁ እንበል» አልኩት፤ «የበሩ መብራት ከጠፋ ዘይነባ በምን ታውቃለች?»

ፈርቼ እንጂ ለኩራዙ ብዬ ብቻ እንዳልተከራከርኩ ያን ጊዜ ገባው።

«ይገለበጣላ» አለ። «ያን ሰዓት ማጥፋት ሳይሆን ማብራት ይሆናል ምልክቱ። ሁሉ ጨልሞ አንድ መብራት ቢበራ የማያየው ማነው?»

«እንዲህ አድርገህ ሁልጊዜ ታሸንፈኛለህ።»

«ለእኔ ስትዪ።»

«ላንተ ስል» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሸዋ በር ገበያ ከዘይነባ ጋር ተገናኘን። ቲማቲም እየመረጠች «ማታ ልታሳፍሪን ነው አሉ» አለችኝ።

«አላሳፍርም። ለታደሰ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አጠፋለሁ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂማ የአንቺ ነው። የእኔ ቃል ነው።»

ስለተገለበጠው ምልክት አላነሣሁባትም። ታደሰ የነገራት መስሎኛል። እሱ ደግሞ እኔ የነገርኳት መስሎታል። በአንድ ቤት ብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች እንዲህ ናቸው፤ አንዱ ያሰበውን ሌላው የሠራው ይመስላቸዋል። ከሰዓት በኋላ አምፖሉን ቀየርን።

የመግሪብ አዛን አበቃ። ሐናን መንገዱ ላይ አጨበጨበች። መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። እኔ እጄን ዘርግቼ የእኛን አጠፋሁ። ከውጭ «እማማ ጽጌም አጠፉ!» የሚል የልጆች ጩኸትና ጭብጨባ መጣ። ታደሰ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ።

ሁለታችንም መብራት ሲሄድ ያለውን ጨለማ እናውቃለን። ሰው ይራገማል፣ ሻማ ይፈልጋል፣ ስልክ ይበራል። ይህኛው ሌላ ነበር። ማንም አልተበሳጨም። ከግንቡ በላይ ኮከቦቹ ወጡ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ አይቻቸው የማውቅ አልመሰለኝም። መንገዱ ላይ ልጆቹ እየዘመሩ ነው፣ የዘይነባ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

«ጫማሽን ታስታውሻለሽ?» አለኝ በጨለማው ውስጥ።

አስታወስኩ። በተጋባን በሳምንቱ በአውቶቡስ ሐይቁ ዳር ሄድን፤ ዓሣ በላን፣ ጀልባ ተሳፈርን። ከጀልባው ስወርድ አንዱ ጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የሙሽራ ጫማ ነበር። በአንድ እግር ጫማ እያነከስኩ ሐረር ተመለስኩ፤ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

«ሐይቁ የደረቀ ጊዜ ፈለግሁት» አለ።

«ምኑን?»

«ጫማሽን። ለሰው አልተናገርኩም። ሞተሩን ያጠፋን ዕለት መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ጀልባው የሚቆምበት የነበረውን ቦታ ገምቼ ሄድኩ።»

«እና አገኘኸው?»

«ብዙ ጫማ አገኘሁ። ያንቺ አልነበረበትም።»

እንዲህ ያለ ነገር አብሬው ስኖር ለካ በሆዱ ይዞ ነበር። እጁን ያዝኩት። «በጨለማ ድምፅሽ አላረጀም» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ደስ የሚል ዝምታ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ።

«ጽጌ» አለ ትንሽ ቆይቶ። «ደረቴን።»

እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ወደ እኔ ሲያዘነብል በትከሻዬ ደገፍኩት። መላ ክብደቱ መጣብኝ፤ ብለቀው ድንጋዩ ላይ ይወድቃል። «ዘይነባ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጆቹ እየዘመሩና እያጨበጨቡ ነው፤ ድምፄ ግንቡን አላለፈም። ስልኬን በአንድ እጄ አወጣሁና ደወልኩላት። ከቤቷ ውስጥ ሲጠራ ይሰማኛል፤ እሷ ደጅ ነች። እጄን ዘረጋሁና መብራቱን አበራሁት።

በዚያ ሁሉ ጨለማ መሀል ያ ነጭ መብራት ቦግ አለ።

መንገዱ ሙሉ ሳቀ።

«ኧረ! እማማ ጽጌ አልቻሉም!»

«አቦ እማማ ጽጌ!» ይህ የኢብሳ ድምፅ ነው። «ግማሽ ሰዓት እንኳ? ጋሽ ታደሰ፣ ይያዙልን እንጂ!»

ልጆቹ እየተቀባበሉ «ይጥፋ! ይጥፋ! ይጥፋ!» አሉ፤ በጭብጨባ።

አንባቢዬ፣ ያን ሳቅ እንዴት ልንገርዎ? ክፋት የሌለበት፣ የሚወዱኝ ሰዎች ሳቅ ነበር። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር። ሳምንት ሙሉ «የእኔ አይጠፋም» ስል የሰሙኝ ሰዎች መብራቴ ሲበራ ሌላ ምን ያስባሉ? ባሌን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ማንም አልመጣም።

ከሳቁ መሀል ያልሳቀችው ዘይነባ ነች። ኋላ ለቅሶ ላይ ነገረችኝ። መጀመሪያ አፏን ለሳቅ ከፍታ ነበር። ከዚያ ጠዋት ገበያ ውስጥ ያልኳት ትዝ አላት። «ጽጌ ለእኔ የሰጠችኝን ቃል ልታጥፍ ትችላለች» አለች፤ «ለታደሰ የሰጠችውን ግን አታጥፍም።» የያዘችውን ጥላ በራችንን በርግዳ ገባች።

«ጽጌ! ያ አላህ! ጽጌ!»

ከዚያ ያሰማችው ጩኸት ዘፈኑን ሁሉ ቀጥ አደረገው። ኢብሳና ሁለት ጎልማሶች ገቡ። ታደሰን ከተቀመጠበት ባለመደገፊያ ወንበር ሳያወርዱ ከነወንበሩ አነሡት፤ በእኛ መንገድ ቃሬዛ አይታጠፍም። ኢብሳ ፊቱ ላይ እንባ ነበር፤ «ይቅር በሉኝ ጋሽ ታደሰ፣ አቦ ይቅር በሉኝ» እያለ ይሸከማል።

መንገዱ ጨለማ ነው፤ ደረጃው ደግሞ ያረጀ ድንጋይ ነው። ያን ጊዜ ሐናን ከፊታችን መሮጥ ጀመረች። በየበሩ በመዳፏ እየመታች «አብሩ! አብሩ! አብሩ!» ትላለች። ከፊታችን መብራቶች መጡ። አንድ በር፣ ከዚያ ሌላ በር፤ እኛ ልንደርስበት ስንል ይበራል። ሰማያዊው ግንብ፣ ቢጫው ግንብ፣ የአንድ ቤት ነጭ ቅስት በር ከጨለማው እየወጡ ተቀበሉን። ሰዎች በየበራቸው ቆመው ባትሪ ይዘዋል፤ አንዷ እጇን ዘርግታ እያለቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ተወልጄ ያደግሁበትን መንገድ እንደዚያ ምሽት አምሮ አይቼው አላውቅም። ይህን ማለቴ ይገርመኛል፤ ግን እውነት ነው።

ታደሰ ዓይኑን ገለጠ። ወንበሩን ይዤ ከጎኑ እየሮጥኩ ነበር።

«ሰዓቱ ሞላ?» አለኝ።

«አልሞላም።»

«ታዲያ ለምን አበሩ?»

«ላንተ ነው።»

የበራውን መንገድ ወደ ፊት አየ። «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው?» አለ። «ብክነት ነው።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። የኢብሳ ባጃጅ መንገዱ ከሚሰፋበት ቆማ ነበር፤ በሸዋ በር ወጥተን ሆስፒታል ደረስን።

ሁለት ሌሊት አብሬው ቆየሁ። እሁድ ቀን ትንሽ ተሽሎት ነበር፤ ሾርባ በማንኪያ ሰጠሁት። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጆሮውን አቀና፤ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። «ዘይት ይፈልጋል» አለ። ከዚያ ስለ ሐናን ጠየቀኝ። በኮሪደሩ ቁጭ ብላ እያለቀሰች እንደሆነ ነገርኩት።

«እንዳትወቅሷት» አለ። «ሐሳቡ ደግ ነበር። እኛ ነን መጥራቱን የረሳነው።»

«የምን መጥራት?»

«መብራት ሲሄድ እንጠራራ አልነበር? ራሳችን ስናጠፋው ግን ማን 'አላችሁ' አለ?»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ «የገደለው ያ መብራት ማጥፋት ነው» ያሉ ነበሩ። ሐኪሙ ልቡ ከቆየ ጀምሮ ደክሟል፣ ፈጥኖ ቢመጣም ላይተርፍ ይችል ነበር ብሎኛል። «ይችል ነበር» የሚለው ቃል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ዛሬም ሌሊት ሌሊት እዞርበታለሁ። ሳቁ ስንት ደቂቃ ቆየ ብዬ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። አልጠይቅምም። ሐናን በሦስተኛው ቀን መጥታ እግሬ ሥር ተደፋች፤ «እማማ፣ በእኔ ነው» አለች። አነሣኋት። «ታደሰ አትውቀሷት ብሏል» አልኳት፤ «እኔ ደግሞ ከእሱ ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም።»

ክርክሬን ተውኩት ወይ ብትሉኝ፣ አልተውኩም። የእኛ መንገድ አምፖሎች የዓለምን አየር አያሞቁም። ከሰሉ አሁንም በጆንያ በጆንያ እየገባ ነው፤ ውሃም አሁንም በተራ ነው የምናገኘው። ነገር ግን ምልክት አያበስልም፣ አያበራም ያልኩት እኔ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌን በአንድ አምፖል ምልክት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምልክት ሰው ከሰው ካልተነጋገረበት ባዶ ነው። ሁለት ቤት ከተነጋገረበት ደግሞ በር ያስበረግዳል። ሐናን በዚያ መብራት ማጥፋት ልታደርግ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ እኔም በበራችን መብራት የማደርገው ይህንኑ ነበር። አንዳችን የሌላችንን አላወቅንም እንጂ።

ዓመቱ ሲዞር ሐናን ልትተወው ፈልጋ ነበር። ሰፈሩም ለእኔ ሲል አፍሮ ዝም አለ። ዘይነባ ግቢ ተነሥቼ «ይደረግ» አልኩ። «ለሐይቁ እንቀመጥለት። ከማጥፋታችን በፊት ግን በር በሩ ይጠራራ። የታመመ ያለበት ቤት መብራት ይብራ፤ ማንም አይሳቅበት። ከጠፋ በኋላ የሚበራ ካለም ሰው ሮጦ ይሂድ።» ኢብሳ ቀና ብሎ አላየኝም። «እኔ ነኝ የምሮጠው» አለ።

ያ ነጭ አምፖል አሁንም ይሠራል። ብዙ ዓመት ይቆያል ተብሎ ነው የተሸጠልን። ታደሰ እንዳለው ብርሃኑን ለምጄዋለሁ።

አሁን የመግሪብ አዛን ሲባል አበራዋለሁ፤ ልተኛ ስል አጠፋዋለሁ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማንም እስኪቀድመኝ አልጠብቅም፤ ደጃፌ ላይ ወጥቼ «አላችሁ?» እላለሁ።